ከዕለታት አንድ ቀን (አጭር ልብወለድ)

«ከዕለታት አንድ ቀን» በደቡብ አፍሪካዊቷ ደራሲ ናዲን ጎርዲመር በእንግሊዝኛ የተጻፈ አጭር ልብወለድ ነው። የተጻፈው በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ የአፓርታይድ ሥርዓት ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ሲሆን፣ በ1991 በወጣው «ዝላይ እና ሌሎች ታሪኮች» በተሰኘው የደራሲዋ መድብል ውስጥ ይገኛል። ታሪኩ ከውጭ ሰው ፍርሃት የተነሣ በቤታቸው ዙሪያ ጥበቃ ላይ ጥበቃ እየጨመሩ የሚኖሩ ባልና ሚስትን ይተርካል፤ በመጨረሻም የአጥራቸው ሰለባ የሚሆነው ሊጠብቁት የፈለጉት የገዛ ልጃቸው ነው። በመልኩ የልጆች ተረት ሆኖ በይዘቱ ግን የልጆች ተረት አይደለም። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ውስጥ ምጸትንና ተምሳሌትን ለማስረዳት በብዛት ከሚጠቀሱ አጫጭር ልብወለዶች አንዱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ደራሲዋና ዘመኑ

ናዲን ጎርዲመር ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ በምትገኘው የወርቅ ማዕድን ከተማ ስፕሪንግስ ኖቬምበር 20 ቀን 1923 ተወለደች። አባቷ ከሊትዌኒያ የፈለሰ አይሁዳዊ፣ እናቷ ደግሞ የለንደን ተወላጅ ነበሩ። በ1974 የቡከር ሽልማትን ከሌላ ደራሲ ጋር ተካፍላለች፤ በ1991 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀብላለች። «የበርገር ልጅ» (1979) የተሰኘውን ልብወለድ ጨምሮ አንዳንድ መጽሐፎቿ በአፓርታይድ መንግሥት ሳንሱር ታግደው ነበር። ጁላይ 13 ቀን 2014 በጆሃንስበርግ አረፈች። በማዕድን ከተማ መወለዷ ለዚህ ታሪክ ተራ መረጃ አይደለም፤ ወደ ኋላ እንደሚታየው የታሪኩ መሠረት የቆመው በወርቅ ጉድጓድ ላይ ነው።

ብሔራዊ ፓርቲ በ1948 ሥልጣን ከያዘ በኋላ የዘር መለያየት በሕግ እየተጻፈ ሄደ። በ1950 የወጣው የመኖሪያ ክልሎች ሕግ እያንዳንዱ ዘር የሚኖርበትን ሰፈር ለየ። ጥቁሮች ከከተማው ዳር ወጥተው በተለዩ ሰፈሮች እንዲኖሩ ተደረገ፤ ወደ ነጮች መኖሪያ የሚገቡት በአብዛኛው ቤት ለመጥረግ፣ ልጅ ለማሳደግና ሣር ለማጨድ ነበር። መግቢያና መውጫቸውን የሚቆጣጠሩት የይለፍ ሕጎች እስከ 1986 ጸንተው ቆይተዋል። በዚያው ዓመት በጁን ወር በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አውቶቡስ ሲቃጠል፣ መኪና በድንጋይ ሲደበደብ፣ ፖሊስ በተማሪዎች ላይ ሲተኩስ የሚታይበት ዘመን ነበር። ጎርዲመር ታሪኳን ያስቀመጠችው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ይሁን እንጂ በተረቱ ውስጥ የአገሩም የከተማውም ስም አንድም ጊዜ አይነሣም።

የታሪኩ አወቃቀር

ልብወለዱ ሁለት ታሪክ ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ተቀምጧል። በውጭኛው ታሪክ አንዲት ደራሲ በራሷ አንደበት ትናገራለች። ለአንድ የልጆች መድብል ጽሑፍ እንድትሰጥ ተጠይቃ፣ የልጆች ታሪክ እንደማትጽፍ መልሳለች። ጠያቂው ግን አንድ ደራሲ በቅርቡ በተደረገ ጉባኤ ላይ ማንኛውም ጸሐፊ ቢያንስ አንድ የልጆች ታሪክ የመጻፍ ግዴታ አለበት ማለቱን ይነግራታል። ደራሲዋ ይህን ግዴታ አትቀበልም።

በአንድ ሌሊት ከእንቅልፏ የሚያባንን ድምፅ ትሰማለች፤ የወለሉ ጣውላ እንደ እግር ኮቴ የሚንቋቋ ይመስላታል። በመስኮቷ ላይ የብረት ፍርግርግ የለም፤ ከትራሷም ሥር ሽጉጥ የለም። ሆኖም ፍርግርግ ያላቸውና ሽጉጥ የታጠቁት የሚፈሩትን እሷም ትፈራለች። በአቅራቢያዋ በጠራራ ፀሐይ ቤቷ ውስጥ የተገደለች ሴት ነበረች፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ደመወዙን ሳይከፍል ባባረረው የቀን ሠራተኛ ተወግቶ ሞቷል። ጥቂት ቆይታ ካዳመጠች በኋላ ወደ ቤቷ የገባ ሰው እንደሌለ ትረዳለች። ድምፁ የመጣው ከታች ነው፤ ቤቷ የተሠራው የወርቅ ማዕድን ቆፋሪዎች ውስጡን ባዶ ባደረጉት መሬት ላይ በመሆኑ፣ 3000 ጫማ ያህል ወደ ታች አንድ የድንጋይ ግድግዳ ተላቆ በወደቀ ቁጥር ቤቱ በሙሉ በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል። በዚያ ጥልቀት ከሞዛምቢክ በኩል የመጡ የቾፒና የጾንጋ ስደተኛ ሠራተኞች ተቀብረው ሊሆን እንደሚችል ታስባለች። እንቅልፍ አልወስድ ሲላት ለራሷ የመኝታ ተረት ትነግራለች። ሁለተኛው ታሪክ ይህ ተረት ነው።

የተረቱ ይዘት

በአንድ ከተማ፣ በአንድ የመኖሪያ ሰፈር፣ በአንድ ቤት ውስጥ የሚዋደዱ ባልና ሚስት ይኖራሉ። የሚወዱት ትንሽ ወንድ ልጅ አላቸው፤ ልጁም የሚወዳቸው ድመትና ውሻ አሉት። መኪናና የሽርሽር ተጎታች አላቸው፤ ልጁ እንዳይሰጥም ዙሪያው የታጠረ የመዋኛ ገንዳም አላቸው። የታመነች የቤት ሠራተኛና ጎረቤቶች የመሰከሩለት ተመላላሽ አትክልተኛ ቀጥረዋል። ጥበበኛዋ አሮጊት ጠንቋይ ከመንገድ ላይ ሰው አንሥተው እንዳይቀጥሩ አስጠንቅቃቸዋለች። ይህች ጠንቋይ የባልየው እናት ናት።

ቤቱ ለእሳት፣ ለጎርፍና ለስርቆት የመድን ዋስትና ተገብቶለታል። ለሁከት ግን ዋስትና የሚሰጥ የለም። ከከተማው ውጭ፣ «ሌላ ቀለም ያላቸው ሰዎች» በሚኖሩበት ቦታ ሁከት ሲነሣ ሚስትየው ትፈራለች፤ ባልየው ሊያረጋጋት ብሎ በኤሌክትሪክ የሚከፈት በር ያስገጥማል። ሁከቱ ቢረግብም በሰፈሩ ስርቆት ይበዛል። የአንድ ጎረቤት ሠራተኛ በሌቦች ታስራ ቁም ሣጥን ውስጥ ስለተዘጋባት፣ የራሳቸው ሠራተኛ የመስኮት ብረትና የማንቂያ ደወል እንዲገባ ትለምናለች፤ ይገባል። ቀጥሎ ሥራ ያጡ ሰዎች በሰፈሩ መንገድ ላይ መታየት ይጀምራሉ። ሚስትየው ዳቦና ሻይ ልትልክላቸው ስትል ሠራተኛዋና ባልየው ይከለክሏታል። አጥሩ ከፍ እንዲል ይወሰናል፤ የተጨማሪውን ጡብ ዋጋ አሮጊቷ ጠንቋይ የገና ስጦታ አድርጋ ትከፍላለች። ለልጁ ደግሞ የጠፈርተኛ ልብስና የተረት መጽሐፍ ትሰጠዋለች።

በመጨረሻ ባልና ሚስት በሰፈሩ እየተንሸራሸሩ የጎረቤቶቻቸውን አጥር ያጠናሉ። ለአዲስ አበባ አንባቢ እንግዳ ያልሆነውን ስብርባሪ ጠርሙስ፣ ከዚያም ጦር የመሰሉ ብረቶችን፣ በነጭ ቀለም ተውበው የእሾህነታቸው ነገር የተሸሸገ ጌጦችን ያያሉ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚመርጡት ግን ከሁሉ አስቀያሚ የሆነውን፣ ዓላማውን የማይደብቀውን ጥቅልል ባለ ምላጭ ሽቦ ነው። የሚያስገጥመው ድርጅት «የዘንዶ ጥርስ» ይባላል። ሽቦው ይዘረጋል። አንድ ምሽት እናት ለልጇ ከተረት መጽሐፉ ታነብለታለች። በማግሥቱ ልጁ በእሾህ ጫካ አልፎ የተኛችውን ልዕልት የሚቀሰቅሰውን ልዑል ሆኖ ሲጫወት መሰላል ጎትቶ ወደ ሽቦው ጥቅልል ይገባል። ምላጩ ይይዘዋል፤ በታገለ ቁጥር ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ጩኸቱን ሰምተው ቀድመው የሚደርሱት ሠራተኛዋና አትክልተኛው ናቸው፤ አትክልተኛው ልጁን ለማውጣት ሲሞክር እጆቹ ይቆራረጣሉ። ወላጆቹ ሲሮጡ ይመጣሉ፤ የማንቂያው ደወልም ይጮኻል፤ ሽቦው በመጋዝና በመቁረጫ ተቆርጦ ልጁ ይወጣል፤ አራቱም ተሸክመውት ወደ ቤት ይገባሉ። ታሪኩ በዚህ ያበቃል።

ምጸት

የታሪኩ ምጸት የሚጀምረው ከመክፈቻው ነው። በተረት ወግ ባለታሪኮቹ በደስታ መኖራቸው የሚነገረው መጨረሻ ላይ፣ ዘንዶው ከተገደለና ልዕልቲቱ ከተገኘች በኋላ ነው። ጎርዲመር ይህን የመዝጊያ ቃል አንሥታ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አስቀምጣዋለች። ባልና ሚስቱ ገና ታሪኩ ሳይጀመር በደስታ እየኖሩ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ የሚቀራቸው መጠበቅ ብቻ ነው። የተረቱ ሞተር ይህ ነው። ምንም የሚሹት ነገር የለም፤ የሚፈሩት እንጂ። የአማርኛ ተረት ነጋሪ በ«ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲሰናበት የሚሰማው የመርካት ስሜት በዚህ ታሪክ ፍጻሜ ላይ አይገኝም፤ መዝጊያው መጀመሪያ ላይ አልቋልና።

የሁኔታ ምጸቱ ለማንም አንባቢ ግልጽ ነው። ለጥበቃ የተሠራው ገዳይ ወጥመድ ሆነ። አማርኛም ለዚህ «ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅምና» የሚል አባባል አለው። ነገር ግን ታሪኩ ከምሳሌያዊ አነጋገሩ የሚለይበት ነጥብ ከሚመሳሰልበት ይልቅ ይመዝናል። አባባሉ የሚናገረው በሌላው ላይ ክፋት ስለሚያስብ ሰው ነው። የጎርዲመር ባልና ሚስት ግን በማንም ላይ ሲዶልቱ አይታዩም። በሩን ያስገጠመው ባል ሚስቱን ሊያረጋጋ ነው፤ ብረቱ የገባው ሠራተኛዋ ስለፈራች ነው፤ አጥሩ የረዘመው በአያት የገና ስጦታ ነው፤ መጽሐፉም የተነበበው በእናት ፍቅር ነው። ወደ ሽቦው የሚያደርሰው ደረጃ ሁሉ በደግነት የተሠራ ነው። ታሪኩን ስለ ክፉ ሰዎች ቅጣት አድርጎ የሚያነብ ተማሪ ይህን ይስታል፤ የአፓርታይድ ኑሮ ጸንቶ የቆየው በጨካኞች ብቻ ሳይሆን ልጃቸውን በሚወዱ ሰዎችም መሆኑን ታሪኩ ያለ ምንም ስብከት ያሳያል።

ፍርሃቱ መሠረተ ቢስ ነው ማለትም ስሕተት ይሆናል። በሰፈሩ ቤቶች በእርግጥ ይዘረፋሉ። ሆኖም የእነዚህ ባልና ሚስት ቤት ራሱ ሲሰበር በታሪኩ ውስጥ አይታይም፤ ወደ ግቢያቸው ዘሎ የሚገባ አንድም ወንበዴ አይመጣም። አንባቢው ከገጽ ወደ ገጽ ይጠብቀዋል፤ ይህ መጠበቅ ራሱ አንባቢውን ከባልና ሚስቱ ፍርሃት ተካፋይ ያደርገዋል። በሽቦው ላይ ደሙ የሚፈስ «ሌላ ቀለም ያለው» ሰው ግን አለ፤ እሱም የቤቱን ልጅ ለማዳን እጁን ወደ ምላጩ የሰደደው አትክልተኛ ነው። ታሪኩ የዚህን ሰው ስም አይናገርም፤ ሲጠራም በሥራውና ተመላላሽ በመሆኑ ብቻ ነው። (አትክልተኛው ጥቁር መሆኑም በቀጥታ አልተጻፈም። ሌላ ቀለም ያላቸው ሰዎች ወደ ሰፈሩ የሚገቡት ታማኝ ሠራተኛና አትክልተኛ ሆነው ብቻ ነው ከሚለው ዐረፍተ ነገር አንባቢው ይደርስበታል።)

የቃል ምጸቱ ደግሞ በተራኪዋ ድምፅ ውስጥ ተበትኗል። ተራኪዋ አትቆጣም፣ አትፈርድም፤ የባልና ሚስቱን አስተሳሰብ እንደ ራሷ አድርጋ ትደግመዋለች። በበሩ ላይ የተሰቀለው የሰፈር ጥበቃ ሰሌዳ ጭንብል ያጠለቀ ሰው ጥላ አለበት፤ ጥላው ጥቁር ይሁን ነጭ ስለማይለይ የቤቱ ባለቤት ዘረኛ አለመሆኑ ተረጋገጠ ትላለች። የተሰረቀው ውድ ውስኪ መድን አይሸፍነውም፤ ይበልጥ የሚያንገበግበው ግን ሌቦቹ የሚጠጡትን ነገር ጥራት አለማወቃቸው ነው። ሥራ አጦቹ በጃካራንዳ ዛፎች ጥላ ሥር ሲቀመጡ የሰፈሩን ውበት ያበላሻሉ። በእነዚህ ቦታዎች አንባቢው ፈገግ ይል ይሆናል። ፈገግታው ግን ይዞት የሚቆይ አይደለም።

ከሁሉ የከበደውን ምጸት ብዙ አንባቢ በመጀመሪያ ንባቡ ያልፈዋል። ባልየው የኤሌክትሪክ በሩን ለምን እንዳስገጠመ ሲነገር፣ በዐረፍተ ነገሩ መካከል እንደ ዋዛ ገብቶ የሚያልፍ ሐረግ አለ፤ ከሰፈሩ ዐይንና ጆሮ በራቀ ቦታ ፖሊስ ተማሪ ልጆችን ተኩሶ ይመታል። ሐረጉ ያልፋል፤ ወሬው ወደ በሩ ይመለሳል። በታሪኩ ውስጥ መጀመሪያ የሚጎዱት ልጆች እነዚህ ናቸው፤ ስም የላቸውም፣ ማንም አላለቀሰላቸውም፣ ከአንድ ሐረግ በላይ ቦታ አልተሰጣቸውም። የመጨረሻው ገጽ ልጅ እንዲህ የሚያመው አጠገቡ ሆነን ስላየነው ነው። ጎርዲመር ሁለቱን አታወዳድርም፤ አንባቢው ግን ታሪኩን ሁለተኛ ሲያነብ ያንን ሐረግ እንደ በፊቱ ሊያልፈው አይችልም።

በተጨማሪ የማስጠንቀቂያ ነገር አለ። ሰሌዳው የሚያስጠነቅቀው ውጭ ያለውን ነው። በተረቱ ግን ምክር እየሰሙ የሚሄዱት ውስጥ ያሉት ናቸው፤ የአያትን፣ የሠራተኛዋን፣ በአጥር ላይ የተለጠፈውን የድርጅት ማስታወቂያ ሳይቀር። «ምክር መስማት» የሚለው አነጋገር በእንግሊዝኛው ውስጥ እየተደጋገመ ይመጣል። ሚስትየው ድመቱ ምክሩን ይሰማል ብላ ተስፋ ታደርጋለች፤ ባልየውም ድመት ሳያይ አይዘልም ይላታል። ድመቱ በእርግጥም ይሰማል። ስለ ልጁ ግን ማንም አላሰበም፤ አደጋው ከውጭ እንጂ ከውስጥ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረምና። አንባቢው ከባለታሪኮቹ ቀድሞ የሚያውቅበት ድራማዊ ምጸት የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው።

ተምሳሌቶች

አጥሩ። አጥሩ የአፓርታይድ ተምሳሌት መሆኑን ለመረዳት ሐተታ አያስፈልግም። ልብ ሊባል የሚገባው በየጊዜው የሚለዋወጥ መሆኑ ነው። በመጀመሪያ በገንዳው ዙሪያ ያለ የደኅንነት አጥር ነበር፤ ማንም ጥሩ ወላጅ የሚያደርገው። ከዚያ በር፣ ከዚያ ፍርግርግ፣ ከዚያ ደወል፣ ከዚያ ረጅም ግንብ፣ በመጨረሻም የማጎሪያ ካምፕ ሽቦ። እያንዳንዱ እርምጃ ከቀደመው ጥቂት ብቻ ስለሚበልጥ ማንም «እስከዚህ ድረስ?» ብሎ አይጠይቅም። ቤተሰቡ ዛፉንና ሰማዩን በብረት ፍርግርግ መካከል ማየት ሲጀምር እስረኛው ማን እንደሆነ አንባቢው ያውቃል።

የዘንዶ ጥርስ። የድርጅቱ ስም ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው ተረት ነው፤ ዘንዶ በተረት ውስጥ ልዑሉ የሚገድለው አውሬ ሲሆን፣ እዚህ ግን ቤተሰቡ ገንዘብ ከፍሎ ያስመጣዋል። ሁለተኛው የግሪክ አፈ ታሪክ ነው። ካድሞስ የገደለውን ዘንዶ ጥርስ በመሬት ሲዘራ የታጠቁ ወታደሮች በቀሉ፤ በቅለውም እርስ በርስ ተጋደሉ። በዚህ መሠረት የዘንዶ ጥርስ መዝራት ማለት ጠብን በገዛ እጅ ማብቀል ነው።

የእሾህ ጫካው። እናት ለልጇ ያነበበችለት የተኛችው ውብ ልዕልት ተረት ነው፤ በሻርል ፔሮ (1697) እና በግሪም ወንድማማቾች (1812) መድብሎች ውስጥ ይገኛል። በግሪም ቅጂ ከመጨረሻው ልዑል በፊት የመጡ ብዙ ልዑላን እሾሁን ጥሰው ሊገቡ ሞክረው በዚያው ተይዘው ሞተዋል። የመጨረሻው የተሳካለት ከሌሎቹ ይልቅ ጀግና ሆኖ አይደለም፤ የመቶ ዓመቱ እርግማን ስላበቃ እሾሁ በራሱ አበባ ሆኖ ተከፈተለት። ልጁ ራሱን የመጨረሻው ልዑል አድርጎ ቆጠረ፤ ሆኖም ጊዜው ገና ነበር። የምላጭ ሽቦው የማይዝግ መሆኑን ሻጩ ያረጋገጠ መሆኑም ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ ይህ እሾህ አበባ አይሆንም፣ አያረጅምም።

የተረት መጽሐፉና ጠንቋይዋ። በተረት ወግ ጠንቋይ የምትጠላና የምትመርዝ ናት። ይህችኛዋ የምትወድ አያት ናት፤ ስጦታዎቿ ጡብና መጽሐፍ ናቸው። ጡቡ ፍርሃትን፣ መጽሐፉ ጀግንነትን ያስተምራል፤ ሁለቱ በአንድ ልጅ አካል ላይ ይጋጫሉ። ልጁ በቤቱ ውስጥ ብቸኛው ያልፈራ ሰው ነው። የደኅንነት መሣሪያዎቹ ሁሉ ለእሱ መጫወቻ ናቸው፤ የበሩን መነጋገሪያ ከጓደኞቹ ጋር የሌባና ፖሊስ ጨዋታ ይጫወትበታል።

ድመቱ። ድመቱ ድንበር የማያውቅ ፍጡር ነው። ሰባት ጫማ ግንብ ያለ ችግር ይዘላል፤ በመስኮት ሲገባ ደወሉን ያስጮኻል። የሰፈሩ ደወሎች በድመትና በአይጥ ምክንያት እየተቀባበሉ ስለሚጮኹ ማንም አይሰማቸውም፤ ሌቦችም በጩኸቱ ተከልለው ብረቱን ይቆርጣሉ። በመጨረሻው ትዕይንት ደወሉ ከልጁ ጩኸት ጋር ሲጋጭ፣ ያስነሣው ምናልባት ድመቱ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ በቅንፍ ይጠቀሳል። ማንቂያው ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ አደጋ በተፈጠረበት ሰዓት ጮኸ፤ ያም በስሕተት ነው።

የማዕድን ጉድጓዱ። ይህ በውጭኛው ታሪክ ውስጥ ስላለ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ነገር ግን ለጠቅላላው ልብወለድ ቁልፉ ይህ ነው። በጆሃንስበርግ አካባቢ ወርቅ የተገኘው በ1886 ሲሆን፣ ከተማዋ ያደገችው በስደተኛ ጥቁር ሠራተኞች ጉልበት ነው። የደራሲዋ ቤት የሚንቀጠቀጠው ሌባ ስለመጣ ሳይሆን፣ ያቆመው ሀብት መሬቱን ባዶ ስላደረገው ነው። የልቧን ምት ከቾፒና ከጾንጋ የእንጨት ዢሎፎን ጋር ማመሳሰሏም ከሥር የተቀበሩትን ሰዎች ወደ ደረቷ ያመጣቸዋል። አጥር ከጎን የሚመጣውን እንጂ ከታች ያለውን አይከላከልም። ውስጣዊው ተረት ሲጀመር አንባቢው ይህን አስቀድሞ ያውቃል፤ ባልና ሚስቱ ግን አያውቁም።

ስም የለሽ ባለታሪኮች

በተረቱ ውስጥ ስም ያለው አንድም ሰው የለም። ባል፣ ሚስት፣ ትንሹ ልጅ፣ ሠራተኛዋ፣ አትክልተኛው። ይህ የተረት ወግ ቢሆንም ሌላም ሥራ ይሠራል፤ የሠራተኛዋ «ታማኝ» መባል በተደጋገመ ቁጥር ቃሉ ከምስጋና ወደ ማዕረግ፣ ከማዕረግም ወደ ይለፍ ወረቀት ይለወጣል። ወደ ሰፈሩ የምትገባበት ፈቃድ ታማኝነቷ ነው። ከራሷ ወገኖች ጋር በውጭ የተቀመጡትን ሥራ አጦች አጥብቃ የምታወግዘውም እሷ ናት፤ ፍርሃቷ ግን ውሸት አይደለም፣ ታስራ ቁም ሣጥን ውስጥ የምትዘጋው እሷ እንጂ እመቤቷ አይደለችምና።

የትርጉም አንድ ችግር

በእንግሊዝኛው የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ልጁ ለሰው በሚያገለግለው ተውላጠ ስም አይጠራም፤ ከሽቦው የወጣው ለግዑዝ ነገር በሚያገለግለው «ኢት» በሚለው ቃል ይጠራል። መሞቱን የሚናገር ሌላ ግልጽ ቃል የለም። ልጁ ሞቷል የሚሉ አንባቢዎች ዋና ማስረጃቸው ይህ ቃል ነው፤ ሌሎች ደግሞ ደራሲዋ ሆን ብላ ክፍት እንደተወችው ያምናሉ። የመጀመሪያው ንባብ የበለጠ ያሳምናል፤ ክፍትነቱ ያለው በቃሉ እንጂ በምስሉ አይደለም። አማርኛ ይህን ልዩነት ማሳየት ይቸግረዋል። «ተሸክመውት ገቡ» ሲባል ልጁም ዕቃውም በአንድ ቅጥያ ይጠራሉ። ተርጓሚ ሌላ መንገድ መፈለግ ይኖርበታል፤ ለምሳሌ ልጁን በስሙ ምትክ ሲጠራበት የቆየውን «ትንሹ ልጅ» የሚለውን ሐረግ በመጨረሻው መስመር ላይ ጨርሶ አለማንሣት።

ከአፓርታይድ በኋላ

በ1994 ሁሉም ዜጎች የተሳተፉበት የመጀመሪያው ምርጫ ከተካሄደ በኋላ የመለያየት ሕጎቹ ባይኖሩም፣ አጥሮቹ አልፈረሱም። በጆሃንስበርግ የኤሌክትሪክ አጥርና በዘበኛ የሚጠበቁ የመኖሪያ ግቢዎች በዝተዋል፤ በደቡብ አፍሪካ የግል ጥበቃ ሠራተኞች ቁጥር ዛሬ ከፖሊሶች ቁጥር በእጅጉ ይበልጣል። አዲሱ አጥር የሚለየው ቀለምን ብቻ ሳይሆን ገንዘብንም ነው፤ ታሪኩም ከተጻፈበት ዘመን ውጭ መነበቡን የቀጠለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

በ2006 ጎርዲመር በጆሃንስበርግ በሚገኘው ቤቷ በዘራፊዎች ጥቃት ደርሶባት ነበር፤ እሷና የቤት ሠራተኛዋ በዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ተዘግቶባቸዋል። የጋብቻ ቀለበቷን አልሰጥም ብላለች። ወዳጆቿ በዘበኛ ወደሚጠበቅ ግቢ እንድትዛወር ቢመክሯትም በዚያው ቤት መኖርን መርጣለች።